ሙሉዬ ከመዘምራን የወረደችበት ዓመት

አዳማ ፍራንኮ ሰፈር፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብስ የምትሰፋውን ሙሉዬን የሚያውቅ ሁሉ ጥያቄዋን ያውቃል። የሱሪ ወገብ ሊያስጠብብ የመጣ ሰው “ምነው ከሳህ?” ሳይባል አይወጣም። የሙሽራ ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ልጅም ሜትሩ ከትከሻዋ ሳይነሳ የአማቷን ስም፣ የትውልድ አገሯንና ጨው የምታበዛ መሆን አለመሆኗን ተናግራ ትጨርሳለች። ክፋት የለባትም፤ ወሬ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው አታመላልስም። ማወቅ ብቻ ነው የምትፈልገው። ባሏ ማናሴ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ “መንግሥት ሕዝብ ሊቆጥር ሲነሳ መጀመሪያ አንቺን ቢያማክር ስንት ድካም ይቀርለት ነበር” እያለ ይቀልድባታል።

ያደገችው ወንጂ ነው። አባቷ ከከምባታ መጥቶ አገዳ ቆራጭ ሆኖ ቀረ፤ የሚኖሩትም ከስኳር ፋብሪካው ሠራተኞች የረድፍ ቤቶች በአንዱ ነበር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ በቀኝ በኩል ኦሮምኛ፣ በግራ በኩል ወላይትኛ፣ ከጓሮ ደግሞ አማርኛ ይሰማል። ትንሿ ሙሉዬ ጎረቤቶቹ በምን እንደሚስቁ ለማወቅ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ እያዳመጠች ኦሮምኛውን ለመደችው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም።

ከጥያቄዋ ሌላ የምትታወቅበት ድምጿ ነው። በምታመልክበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆማለች። የመዘምራኑን ሐምራዊ ካባ የሰፋችውም እሷ ናት። እሑድ ጠዋት መድረኩ ላይ ወጥታ የመጀመሪያውን ስንኝ ስታነሳ ጉባኤው ቀና እንደሚል ታውቃለች፤ ማወቋንም ትወደዋለች። ለማንም አልተናገረችውም እንጂ ሳምንቱን ሙሉ የስፌት መኪናዋን የምትረግጠው ያችን ሰዓት እያሰበች ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጥር ወር አንድ እሑድ፣ ከመድረኩ ላይ ሆና አንድ ሰው ዓይኗ ውስጥ ገባ።

ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ትከሻው ሰፊ፣ አለባበሱ ንጹሕ ነው። ከግራው ጥግ ከትልቁ ስፒከር አጠገብ ተቀምጧል። ያንን ቦታ ማንም አይወደውም፤ ጆሮ ያደነቁራል። እሱ ግን ወንበሩን ይበልጥ አስጠግቶ መዳፉን ስፒከሩ ላይ አሳርፏል። በሚቀጥለውም እሑድ እዚያው ነበር። ሌላው ሰው ለጸሎት ዓይኑን ሲጨፍን እሱ አይጨፍንም፤ አንገቱን እያዞረ የሰዉን ፊት ያያል። ጉባኤው በሰባኪው ቀልድ ሲስቅ ግራ ቀኙን ቃኝቶ ዘግይቶ ፈገግ ይላል። አንድ ቀን ሰው የሚያስቀምጠው አስተናጋጅ መጥቶ ከስፒከሩ ራቅ እንዲል በእጁ አመለከተው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀና ተነሣ። በሳምንቱ ተመልሶ እዚያው ተቀመጠ።

ሙሉዬ እንቅልፍ አጣች። አስተናጋጁን ጠየቀች።

“ስሙን አላውቀውም እትዬ ሙሉዬ። ሰላም ስለው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ትንሽ ኩራት ቢጤ ሳይኖርበት አይቀርም።”

የሴቶች ኅብረት መሪዋን ጠየቀች፤ አታውቀውም። ወጣቶቹን ጠየቀች፤ የሚያውቀው የለም። ይህን ያህል ሰው በሚሰበሰብበት ቤት አንድ ሰው ሰባት እሑድ ሙሉ ስሙ ሳይታወቅ መውጣት መግባቱ ለሷ ሊገባት የማይችል ነገር ነበር።

በስምንተኛው እሑድ አምልኮው ሲያበቃ ካባዋን እንኳ ሳታወልቅ ተከተለችው። ከበሩ ወጥቶ በአስፋልቱ ዳር ወደ ታች ይሄዳል።

“ወንድሜ!” አለች። አልዞረም። “አንተ ወንድም! ባለ ሰማያዊው ሸሚዝ!”

መንገደኛው ሁሉ ሲዞር እሱ ብቻ አልዞረም። በዚያው ቅጽበት አንድ ባጃጅ ወደ ኋላ እየተንፏቀቀ ጡሩምባውን ለቀቀው፤ ሰውየው ወደ ባጃጁ እየተራመደ ነበር። ሙሉዬ ሮጣ እጅጌውን ጨምድዳ ሳበችው። ደንግጦ ዞረ። ባጃጁን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ጣቱን ወደ ጆሮው ወስዶ እጁን አወናጨፈ። ምንም አይሰማኝም ማለቱ ነው።

ሙሉዬ እጅጌውን አሁንም እንደያዘች ነው። ዝቅ ብላ ስታይ ሸሚዙ ላይ ጥቃቅን የእሳት ፍንጣሪ የበሳቸው ቀዳዳዎች አሉ። ቀዳዳዎቹን አሳየችው፤ በጣቷ የመርፌ ሥራ ሠራችለት፤ ከዚያ ወደ ሱቋ አቅጣጫ አመለከተች። ሰውየው ሳቀ። ሲስቅ ፊቱ ላይ ኩራት የሚባል ነገር አልነበረም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለት የተበሳሳ የሥራ ቱታ ይዞ መጣ። ሙሉዬ ልብስ የምትነድፍበትን ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና እርሳሱን አነሳች።

“ስምህ ማን ነው?” ብላ ጻፈች።

“ታጠቅ።”

“ሥራህስ?”

“ብየዳ። በር መስኮት።”

“አገርህ?”

“ቡልቡላ። አዳማ 13 ዓመት።”

ምልክት ቋንቋውን አዳማ ከመጣ በኋላ እንደሱው መስማት ከተሳናቸው ጓደኞቹ ተምሯል፤ ማንበብና መጻፉን ደግሞ ጥቂት ዓመት ብቻ ከገባበት ትምህርት ቤት። ይህን ሁሉ በአጫጭር ቃላት ነገራት። ወረቀቱ እየሞላ ሲመጣ ሙሉዬ ከትናንት ጀምሮ ሲከነክናት የነበረውን ጥያቄ ጻፈች። “የማትሰማ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ለምን ትመጣለህ?” እንደጻፈችው ደግሞ አፈረችበትና በመዳፏ ልትሸፍነው ስትል ታጠቅ እጇን ቀስ አድርጎ አነሳው። ብዙ አሰበ። እርሳሱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ ጻፈ።

“ሰው ገባ ዝም ብሎ። ወጣ አልቅሶ። ሌላ ቀን ስቆ። ውስጥ ምን አለ? እኔ ማወቅ ፈለግሁ። ሰባት ወር አየሁ። አላወቅሁም ገና።”

ሦስት ጊዜ አነበበችው። እሷ መልስ ለሰባት ደቂቃ ሲዘገይባት የምትቁነጠነጥ ሴት ናት። ይሄ ሰው አንዲት ጥያቄ ይዞ ሰባት ወር በየሳምንቱ ስፒከር ሥር ተቀምጧል፤ አምስቱን ወር እሷ እንኳ ልብ አላለችውም።

“ማንም አልነገረህም?”

“ሁሉም ሰላም ይላል” ብሎ ጻፈ ታጠቅ። ከዚያ በላይ አልጻፈም።

በማግስቱ ሙሉዬ ወደ ፓስተር ያቤጽ ቢሮ ሄዳ ነገሩን ዘርዝራ ነገረችው። ፓስተሩ ደግ ሰው ነው፤ አዘነም። “እህቴ፣ እንዲህ ያለ ወንድም መካከላችን መኖሩን አለማወቃችን ያሳፍራል። ጌታ አስተርጓሚ የሚሆን ሰው እንዲሰጠን እንጸልይ” አለ። አብረው ጸለዩ። አሜን ብላ ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ያ አሜን ዞሮ እሷኑ ያያት መሰላት።

ምልክት ቋንቋ የሚያስተምራት ሰው ይኖር እንደሆነ ደንበኞቿን ስትጠይቅ ስትጠይቅ በአራተኛዪቱ በኩል በድሪያን አገኘች። በድሪያ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት መስማት የተሳናቸውን ልጆች የምታስተምር፣ ሻርፗን አጥብቃ የምታስር፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት።

“ለመስጊድ አይደለም መቼም፤ ለቤተ ክርስቲያን ነው?” አለች።

“አዎ። ይከብድሻል?”

“እኔ እጁን አስተምርሻለሁ፤ ምን እንደምትናገሪበት የራስሽ ጉዳይ ነው።” ቀጠለች። “ግን ሁለት ሳምንት ልትሞክሪው ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ። ሰው ይመጣል፤ ሰላም፣ አመሰግናለሁ፣ እወድሃለሁ የሚለውን ይማርና ይጠፋል። ልጆቹ ግን በር በሩን እያዩ ይቀራሉ። ስንቴ አየሁት።”

“አልጠፋም” አለች ሙሉዬ።

“እንግዲያው ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ነይ። ሌላ ጊዜ የለኝም።”

ሙሉዬ እሺ ብላ ከወጣች በኋላ ነው ያስታወሰችው። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት የመዘምራን ልምምድ ነው። ያውም የዚያ ዓመት ልምምድ። መዘምራኑ ለመጀመሪያ ጊዜ አልበም ሊያወጡ ተዘጋጅተዋል፤ ከዘጠኙ መዝሙሮች ሁለቱን ለብቻዋ የምታዜመው ሙሉዬ ናት። የመዘምራኑ መሪ ጋሮምሳ ነገሩን ስትነግረው እንደ ልጅ ነበር የደነገጠው።

“እትዬ ሙሉዬ፣ አይሆንም! ስድስት ወር ብቻ። አልበሙ ይውጣ፤ ከዚያ እጅም ተማሪ እግርም ተማሪ፤ ማን ይከለክልሻል?”

እውነት ነው፤ ስድስት ወር ነው። ማታ ለማናሴ ይህንኑ ነገረችው። ማናሴ የፈተና ወረቀት እያረመ ነበር።

“ልጁ ሰባት ወር ጠብቋል” አለችው። “ስድስት ወር ቢጨምር ምን ይሆናል?”

“ምንም አይሆንም” አለ ማናሴ ቀና ሳይል። “መጠበቁን ለምዶታል።”

ሊወጋት ብሎ የተናገረው አልነበረም። ወረቀቱን ገልጦ ወደሚቀጥለው ተማሪ ሄደ። ሙሉዬ ግን ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ቆየች። መዝሙሩን ለምን ያን ያህል እንደፈለገችው ራሷን ጠየቀች፤ ሰውን እንደምትጠይቀው ሳትራራ ነው የጠየቀችው። ለጌታ ክብር የሚለውን መልስ መጀመሪያ ሰጠች። ሐሰትም አልነበረም። ከሥሩ ግን ሌላ መልስ ነበር። ልትታይ ትፈልጋለች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ በሕይወቷ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደሷ የሚያዞርበት ቦታ ያ መድረክ ብቻ ነው።

በሳምንቱ ካባዋን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ ለጋሮምሳ መለሰችለት።

ማንም አላጨበጨበላትም። ግማሹ ከጋሮምሳ ጋር ተጣልታ ነው አለ፤ ግማሹ ድምጿ ስለደከመ ነው አለ። እሷን ያመማት ግን ወሬው አልነበረም። ከመጀመሪያው ልመና በኋላ ሁለተኛ “ተይ እባክሽ” ያላት ሰው አለመኖሩ ነው። የሷን ሁለት መዝሙሮች ፋና የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ወሰደቻቸው። በሁለተኛው ቅዳሜ ከበድሪያ ቤት ስትመለስ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በኩል አለፈች፤ የመዘምራኑ ድምፅ በአጥሩ ላይ ይሰማል። ቆመች። ከዚያ መንገዱን ቀይራ በሌላ በኩል ሄደች፤ ለወራትም ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ አላለፈችም።

ትምህርቱ ከባድ ነበር። በመርፌ ቀዳዳ ክር በአንድ ጊዜ የሚያስገቡት ጣቶች ፊደል ላይ ሲደርሱ እንጨት ሆኑ። ፊደሉ በጣት ቅርፅ ይሠራል፤ ግዕዙ፣ ካዕቡ፣ ሣልሱ ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል። እጇ ትንሽ ከሳተ ቃሉ ሌላ ይሆናል። በድሪያ አትቆጣም፤ “እንደገና” ብቻ ትላለች። ሙሉዬ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እየለካች በግራ እጇ ፊደል ትቆጥራለች፤ ማናሴን ወጥ እየጨለፈች በእጇ ታናግረዋለች፤ ማናሴም ምንም ሳይገባው አዎ አዎ ይላል።

ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ታጠቅ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጀርባዋ ለመድረኩ፣ ፊቷ ለሱ። ስብከቱ በምድረ በዳ ስለተራበው ሕዝብ ነበር። ላቧ ጠብ እያለ ተከተለች። እግዚአብሔር ከሰማይ መና እንዳወረደ ስትደርስ የመናን ምልክት ስላላወቀችው ፊደሉን ቆጠረችለት። የታጠቅ ቅንድብ ወደ ላይ ወጣ። ሕዝቡ በየጠዋቱ እየወጣ ያንን ሰበሰበ፣ በላ፣ ጠገበ አለችው። ታጠቅ እጁን አንስቶ አስቆማት።

“ሕዝቡ ከብት ነበር?” አላት በእጁ።

ሙሉዬ ግራ ገባት። ታጠቅ የቆጠረችለትን ቃል ደግሞ አሳያት። የመጨረሻዋን ፊደል አሳስታ መናውን መኖ አድርጋዋለች። ዝም ባለው ጉባኤ መካከል ሙሉዬ ከት ብላ ሳቀች። አስተናጋጁ አፈጠጠባት። ታጠቅም አፉን በእጁ ሸፍኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። በዚያ ቤት ውስጥ ከሰው እኩል ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

እንዲህ እየሆነ ሰነበተ። ለሷ ግን ነገሩ ሁሉ ደስታ ነው ማለት አይደለም። ስብከቱ በሷ በኩል ያልፋል እንጂ እሷ ጋ አይቀመጥም። ሰባኪው ምን እንዳለ ቤቷ ገብታ ብትጠየቅ አታስታውስም። ድሮ ከመድረኩ ላይ ጉባኤውን ሁሉ ታይ ነበር፤ አሁን የምታየው አንድ ፊት ነው። ያንን ፊት ግን የማንንም ፊት አይታ የማታውቀውን ያህል አየችው። ሲገባው ምን እንደሚመስል፣ ሲጠራጠር የትኛው የከንፈሩ ጥግ እንደሚነሳ፣ ሲደክመው ከመናገሩ በፊት ታውቃለች።

አልበሙ የተመረቀው በመስከረም አንድ እሑድ ነው። ቤቱ ጢም ብሏል። ሙሉዬ እንደወትሮው ጀርባዋን ለመድረኩ ሰጥታ ተቀምጣለች። ኪቦርዱ ጀመረ፤ ፋና የሷን መዝሙር አነሳች።

ለታጠቅ እያንዳንዱን ስንኝ በእጇ ማሳየት አለባት። ቃላቱን በልቧ ታውቃቸዋለች፤ የት ትንፋሽ እንደሚወሰድ፣ የት ድምፁ እንደሚወጣ ታውቃለች። ከንፈሯን ገጥማ ያዘች። እጇ ብቻ ሠራ። ከታጠቅ ኋላ ጉባኤው ሲያቃስት ሰማች። ታጠቅ ከትከሻዋ በላይ ወደ ፋና ተመለከተና ወደሷ ተመለሰ።

“ድምጿ ጥሩ ነው?” አላት።

“ጥሩ ነው።”

“ምን ይመስላል?”

ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ጆሮ ለሌለው ሰው ድምፅ ምን ይመስላል ይባላል? ለመጀመሪያ ጊዜ ፋናን በትክክል ሰማቻት። አሰበች። “ሙቅ ብረት ውሃ ውስጥ ስትነክር መጀመሪያ ጭስ፣ ከዚያ ጸጥ ይላል አይደል? መጨረሻው ላይ እንደዚያ ጸጥ ትላለች” አለችው። ታጠቅ በያጅ ነው፤ ወዲያው ገባው። ከዚያ ምንም ሳይሸፋፍን ጠየቃት።

“ካንቺ ይበልጣል?”

ሙሉዬ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። እንዳልጠየቃት ሆና ወደሚቀጥለው ስንኝ ልታልፍ ትችል ነበር። “ላይ ላይ ሲወጣ ይበልጣል” አለችው በመጨረሻ። “ታች ታች ላይ እኔ እበልጣለሁ።” ታጠቅ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ቤት ስትገባ ለማናሴ “ቀላል አልነበረም” አለችው። ማናሴም ቀልዱን ትቶ ሻይ አፈላላት።

ኅዳር ላይ ፓስተር ያቤጽ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ሽማግሌ አባት ሊሞት ሲል ልጆቹን በየተራ ጠርቶ የባረከበትን ታሪክ ሰበከ። ታጠቅ ያን ቀን ምንም አልጠየቀም። ሲወጡ ግን አጥሩ ጋ አቆማት።

“አባት ሲሞት ለልጁ ይናገራል?”

“አንዳንዱ ይናገራል።”

“የእኔ አባት ምን አለ?”

አባቱ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ያኔ ጎረቤት ቤት ልከውት ሲመለስ ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተዘርግቶ ያለቅሳል። ከዚያ በኋላ ማንም የነገረው የለም። እናቱ ማንበብ አትችልም፤ ምልክት ቋንቋም አታውቅም። በሁለቱ መካከል ያሉት ቃላት ብላ፣ ና፣ ውሃ፣ ከብት፣ ነገ የሚሉት የቤት ምልክቶች ናቸው። በእነዚህ ሃያ ዓመት ኖረዋል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን በእነዚህ አይጠየቅም።

“ነይ ቡልቡላ” አላት።

ሱቁ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተከምሮ ይጠብቃታል። ቅዳሜ ጠዋት ዘጋችውና አብራው ሄደች። በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ አድርገው፣ አዳሚ ቱሉን አልፈው ረፋዱ ላይ ቡልቡላ ወረዱ። ግቢው ውስጥ ሽንኩርት ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። የታጠቅ እናት አዴ ሻሼ ከስልሳ ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ልጃቸውን አገላብጠው ከሳሙ በኋላ እንግዳዋን በጥርጣሬ አዩዋት።

“አካም ጅርቱ፣ አዴ” አለች ሙሉዬ። በኦሮምኛ ራሷን አስተዋወቀች፤ በእጅ መናገር እንደተማረችና ልጃቸው የሚጠይቃቸው ነገር እንዳለው ነገረቻቸው።

“እሱ?” አሉ አዴ ሻሼ። “እሱ የሚጠይቀኝ ነገር አለው?”

ገብተው ተቀመጡ። ታጠቅ እጁን አነሳ። ሙሉዬም ቃሉን ሳትጨምር ሳትቀንስ አስተላለፈች። “አባቴ ሲሞት ምን አለ? ለእኔ የተናገረው አለ?”

አዴ ሻሼ ነጠላቸውን ደጋግመው አስተካከሉ። ከዚያ ወደ ሙሉዬ ሳይሆን ወደ ልጃቸው እያዩ ተናገሩ።

“ሦስት ቀን ነው የታመመው። እንዳትደነግጥ ብለን ወደ ጎረቤት ላክንህ። በሦስተኛው ቀን ልጄን አምጡልኝ አለ። ሰው ሮጠ። እስክትመጣ ዓይኑ ፈዘዘ። ‘ብጠራው አይሰማኝም፤ እጁን ስጡኝ’ አለ።”

ሙሉዬ እያንዳንዱን ቃል በእጇ ተከተለች።

“አልደረስክም” አሉ እናትየው። “ሲዳብስ አየሁት። አላስቻለኝም፤ የራሴን እጅ ሰጠሁት። ያንተ መስሎት ጨበጠው፤ ጨብጦ ሞተ። ለማንም አልተናገርኩም። ያንተን ነው የወሰድኩት፤ ሃያ ዓመት ያንተን ይዤ ነው የኖርኩት።”

ታጠቅ የመጨረሻው ቃል እስኪደርሰው ጠበቀ። ከዚያ ተነሥቶ እናቱ ፊት ተንበረከከና የቀኝ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩ ላይ አደረገው። እሳቸውም በሌላው እጃቸው ራሱን ይዳብሱ ጀመር።

ቆይተው እናትየውም ጥያቄ እንዳላቸው ተናገሩ። “በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሳይነግረኝ ወደ አዳማ ለምን ጠፋ?”

ታጠቅ ተገረመ። “ነግሬያለሁ” አለ። እጁን ወደ ሩቅ ዘርግቶ፣ እንዲህ አድርጎ፣ ያኔ ያሳየውን አሳየ። አዴ ሻሼ አፋቸውን ያዙ። “ወንዝ ልትወርድ መስሎኝ ነው እኮ እሺ ያልኩህ!” አሉ። “ማታ ራት አስቀምጬልህ ነበር።” ሙሉዬ ይህን ስታስተላልፍ ሦስቱም በእንባቸው ውስጥ ሳቁ።

በዚህ ጊዜ በሙሉዬ አፍ ላይ አሥር ጥያቄ ተሰልፎ ነበር። አባትየው ምን ዓይነት ሰው ነበር? ልጁን እጁን ይዞ ያናግረው ነበር ወይ? እናትየው ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻሉት? ምላሷን ነከሰች። እናትና ልጅ ተያይዘው ተቀምጠዋል፤ ታጠቅ የእናቱን ጣቶች አንድ በአንድ እየዘረጋ የሆነ ነገር ያሳያቸዋል፤ እሳቸውም እየተሳሳቱ ይደግማሉ። ወደሷ የሚያይ የለም።

ድምፅ ሳታሰማ ተነሥታ ወጣችና ግቢው ውስጥ አንዲት ጎረቤት ሽንኩርት ወደምትለይበት ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። በሩ ክፍት ነው። አንገቷን ትንሽ ብታዞር ሁሉንም ታያለች። አላዞረችም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሽንኩርት ለየች፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት እናትና ልጅ ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አታውቅም። ሲመለሱ ታጠቅ ሚኒባሱ ውስጥ እስከ መቂ ተኛ፤ አልቀሰቀሰችውም።

ዛሬ ስፒከሩ አጠገብ የሚቀመጡት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሰባት ናቸው፤ አንዷ ከባቱ በየሳምንቱ ትመጣለች። ሙሉዬ ወደ መዘምራን አልተመለሰችም። እሑድ ጠዋት ካባ የለበሱትን ስታይ መድረኩ አሁንም ይናፍቃታል፤ አይናፍቀኝም ብላ አትዋሽም። ፋና ከቅዳሜ ልምምድ በኋላ ሱቋ ጎራ እያለች የታችኛውን ድምፅ እንዴት እንደምትይዘው ትጠይቃታለች፤ እሷም መርፌዋን አቁማ ታሳያታለች።

ያኔ፣ ከቡልቡላው ጉዞ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ አዴ ሻሼ ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት አስጭነው ሳይታሰቡ አዳማ መጡ። ሱቁ በር ላይ እንደቆሙ፣ ሰላምታው ሳያልቅ፣ አንድ ሽንኩርት ከጆንያው አውጥተው በኦሮምኛ ጠየቁ።

“ይሄ በእጅ ምን ይባላል?”

ሙሉዬ ምልክቱን ታውቀዋለች። እጇ ከጠረጴዛው ብድግ ሊል ነበር። መልሳ አሳረፈችው።

“ልጅዎን ይጠይቁት፣ አዴ” አለች። “ተሻግረው ሦስት መንገድ ሲያልፉ ብየዳ ቤቱ አለ፤ ሰማያዊ በር ያለው።”

አዴ ሻሼ ሽንኩርታቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ ግራ ቀኙን አይተው፣ መንገዱን ተሻገሩ።